ከቀዶ ጥገናው በፊት ሜትሬን አወጣሁ

ኑሮዬን የምገፋው በመቀስና በመርፌ ነው። የሴቶች ልብስ እሰፋለሁ፤ የሌላ ሴት ደረት ስለካ፣ የብብት ስፌት ስፈታና መልሼ ስገጥም ዕድሜዬ አልፏል። ስለዚህ ግራ ጡቴ በካንሰር ምክንያት መነሣት እንዳለበት በተነገረኝ ዕለት፣ ከእንባው ቀጥሎ የመጣልኝ ጥያቄ ለሌላው ሰው እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን የሙያዬ ነገር ነበር። ከእንግዲህ ልብስ በላዬ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ክትትሉ የሚያስረዳ ወረቀት ተደራርቦ ተሰጠኝ። በደረቴ ላይ ስለሚያርፈው ጨርቅ ግን አንድ መስመር እንኳ አልነበረበትም። ብዙ ሰው ጡት ማስያዣን ከጌጥ ይቆጥረዋል። አንዱ ጎኗ የቀለለባት ሴት ግን ጌጥ አለመሆኑን ከትከሻዋና ከጀርባዋ ትማራለች።

ሙሉው ጡት የግድ መነሣት አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እኔም ጠይቄአለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ ያስፋፋው ቀዶ ጥገና ጡቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብት ንፍፊቶች ጭምር ጠርጎ ያወጣ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት ሌላ አማራጭ ያለ አይመስልም ነበር። በ2002 በአሜሪካ የበርናርድ ፊሸር፣ በጣሊያን ደግሞ የኡምቤርቶ ቬሮኔዚ ቡድን የ20 ዓመት ክትትላቸውን ውጤት ይፋ አደረጉ፤ ቀድሞ ለተደረሰበት ካንሰር ዕጢውን ከነዙሪያው አውጥቶ ጨረር መስጠትና ጡቱን በሙሉ ማንሣት በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አላሳዩም። የእኔ ዕጢ በጡቴ ውስጥ በተራራቁ ቦታዎች ስለተገኘ ሐኪሜ ሙሉውን ማንሣት እንደሚሻል ነገረኝ። ምክንያቱን ስለሰማሁ ውሳኔው የእኔም ሆነ።

ከዚያ በኋላ የጠየቅሁት ጥያቄ እሱንም ሳያስገርመው አልቀረም።

«ዶክተር፣ ጠባሳው ከየት ተነሥቶ የት ላይ ያልቃል?»

«ለምን ፈለጉት?»

«የጡት ማስያዣ ስፌት የሚያርፍበትን ቦታ ስለማውቀው ነው።»

ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ወረቀት ላይ ሳለልኝ። ከደረት መሐል አጥንት አጠገብ ተነሥቶ በአግድም እየሄደ ወደ ብብት ይወጣል። መጨረሻው ላይ ጣቴን አስቀምጬ፣ «እዚህ ጋ ቆዳ ይተርፋል?» አልኩት። ጨርቅ ታጥፎ ሲሰፋ ስፌቱ ቀስ እያለ ካልቀጠነ ጫፉ ላይ ጉብ ይላል፤ ቆዳም እንደዚያው ነው። ብብት ሥር የቀረች ትንሽ ጉብታ ለሐኪም ምንም ላትመስለው ትችላለች፤ ለባለቤቷ ግን የጡት ማስያዣው ጎን በየዕለቱ የሚፈገፍጋት ቦታ ናት። ሰው ሠራሽ ጡት በቆዳ ሥር ለማስገባት ካላሰቡ፣ ደረቱ ለጥ ብሎ እንዲዘጋና በጎን በኩል ቆዳ እንዳይንጠለጠል አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል። ይህን ጥያቄ የምትጠይቁበት ጊዜ ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው። በኋላ ማስተካከል ማለት ሌላ ቀዶ ጥገና ማለት ነው።

ቀኑ ሲቃረብ ታላቅ እህቴን ጠርቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ራስን ከፊት መለካት ይቻላል፤ ከጀርባ ግን ሜትሩ ይንሸራተታል፣ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። እህቴ ሜትሩን አከርካሪዬ ላይ እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። «አልቅሺ፤ ሜትሩን ግን ቀጥ አድርገሽ ያዢ» አልኳት። ከጡት ሥር ዙሪያዬ 79 ሴንቲ ሜትር፣ በጡት ጫፍ ላይ ዙሪያዬ 96። ከዚያ እያንዳንዱን ጎን ለብቻው ለካን፤ ከደረት መሐል አጥንት ተነሥቶ በጡት ጫፍ አልፎ እስከ አከርካሪ፣ ግራውም 48 ቀኙም 48። ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ ያለውንም ጻፍን። ከፊትና ከጎን ፎቶግራፍ አነሣችኝ። እነዚህ ቁጥሮች በኋላ እንደ ወርቅ ነው የጠቀሙኝ፤ የተነሣ ጡት ተመልሶ አይለካምና።

የቤቱ ዝግጅት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። በየቀኑ የምጠቀምበትን ዕቃ ሁሉ ከወገቤ በላይና ከትከሻዬ በታች ባለ መደርደሪያ ላይ አወረድሁ። በራስ የሚጠለቅ ልብስ አስወግጄ ከፊት በቁልፍ የሚከፈቱ፣ ብብታቸው ሰፋ ያለ ሸሚዞች አዘጋጀሁ። የሁለቱን ሸሚዝ ውስጥ፣ ከወገብ ትንሽ ዝቅ አድርጌ፣ ኪስ ሰፋሁበት፤ ለምን እንደሆነ ቀጥዬ እነግራችኋለሁ። በክንዴና በደረቴ መካከል የሚገባ ትንሽ ትራስም ሠራሁ። ወደ ቤት ስመለስ በመኪና ቀበቶውና በቁስሉ መካከል የገባው ይኸው ትራስ ነው።

የሕክምናውን ዝግጅት ከሐኪማችሁ አፍ ስሙት፤ እኔ የማስታውሰውን ብቻ ልጥቀስ። የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ ቫይታሚኑንና ባህላዊውን ሳይቀር፣ ጽፋችሁ አሳዩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አስፕሪንን ጨምሮ መቼ እንደሚቆም የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ በራስ ፈቃድ ማቆም አደገኛ ነው። ሲጋራ የምታጨስ ሴት ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ብታቆም ቁስሏ ይሻለዋል፤ ኒኮቲን ደም ወደ ቆዳ እንደ ልብ እንዳይደርስ ያደርጋልና። ብዙ ቦታ የሚሠራበት የጾም ደንብ ጠጣር ምግብ ከማደንዘዣው በፊት ስድስት ሰዓት፣ ውኃ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ማቆም ነው። ብብታችሁን በምላጭ አትላጩ፤ ጥቃቅን ጭረት ለተሕዋስያን በር ይከፍታል። በዚያ ዕለት ሽቶ፣ ቅባት፣ የጥፍር ቀለምና ቀለበት የለም።

አሁን ወደ ኪሶቹ። ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ከጎኔ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ጫፉ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ ብልቃጥ ተንጠልጥላለች። በባዶው ቦታ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ የምትስብ እሷ ናት። አሠራሯ ቀላል ነው፤ ክዳኗን ትከፍታላችሁ፣ ፈሳሹን መስመር ባለው መለኪያ ትገለብጣላችሁ፣ መጠኑን በሚሊ ሊትር ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ብልቃጧን በመዳፍ ጭምቅ አድርጋችሁ እንደተጨመቀች ክዳኗን ትዘጋላችሁ። መልሳ ለመነፋት ስትታገል ነው የምትስበው። ሳትጨመቅ ከተዘጋች ዝም ብላ ትንጠለጠላለች እንጂ ሥራ አትሠራም። ፈሳሹ መጀመሪያ ቀይ ነው፤ ቀስ በቀስ ወደ ሮዝ፣ በመጨረሻም ወደ ገለባ መሰል ቢጫ ይለወጣል። በብዙ ሆስፒታሎች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሊትር ገደማ በታች ሲወርድ ቱቦው ይወጣል። እንደገና በደንብ ከቀላ፣ ከሸተተ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወዲያው ይደወላል። ብልቃጧ ስትንጠለጠል ቱቦው ቆዳውን ይጎትታል፣ ያማልም፤ ሸሚዙ ውስጥ ያለው ኪስ ግን ክብደቷን ይሸከማል። በሕይወቴ ከሰፋኋቸው ኪሶች ሁሉ የምኮራው በእነዚያ ነው።

አንድ ማንም በቅጡ የማይናገረው ነገር አለ። ቆዳው ይደነዝዛል። የደረቴ ግማሽና የላይኛው ክንዴ የውስጥ ጎን ሲነኩ ስሜት አልነበራቸውም፤ ከብብት ንፍፊት ሲወሰድ በዚያ የሚያልፈው ነርቭ ስለሚነካ ነው። ስሜቱ ለአንዳንዷ ይመለሳል፣ ለአንዳንዷ በከፊል ይቀራል። ለልብስ ሲሆን ትርጉሙ ትልቅ ነው። ጠንካራ ስፌት ቆዳችሁን እየላጠ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ስለዚህ ማታ ጡት ማስያዣውን ስታወልቁ መስታወት ፊት እዩት። ቀላ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ምልክት ችግር የለውም፤ ቆይቶም የማይጠፋ ጉድጓድ ካለ ግን ያ ልብስ የእናንተ አይደለም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየችኝን እንቅስቃሴ፣ በተለይ ግድግዳ ላይ ጣትን እያራመዱ ክንድን ወደ ላይ ማውጣቱን፣ ሰለቸኝ ሳልል ሠራሁ። ክንድ ካልተዘረጋ ጡት ማስያዣ ከኋላ መቆለፍ ራሱ ሕልም ይሆናል።

መቸኮል ግን አያስፈልግም። ቁስሉ እስኪድን ያለው ጊዜ የመግዣ ጊዜ አይደለም፤ ዕብጠቱ ሲቀንስ ልኩ ይለዋወጣል። በዚያ ወቅት የሚለበሰው ለስላሳ፣ ከፊት የሚከፈት፣ ሽቦ የሌለው፣ ብብት ሥር ከፍ ብሎ የሚሸፍንና ስፌቱ ወደ ውጭ የዞረ ነው። በባዶው በኩል እንደ ጥጥ የቀለለ ጊዜያዊ ሙሌት ይገባበታል። ከባዱ የሲሊኮን ጡት፣ ማለትም በጡት ማስያዣው ውስጥ የሚገባው ሰው ሠራሽ ጡት፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ፣ ሐኪም ቁስሉን አይቶ ሲፈቅድ ነው የሚለካው። ጨረር የሚወስዱ ከዚያም በላይ ይቆያሉ። በጨረር ወቅት ቆዳው እንደ ተቃጠለ ስለሚሆን ለስላሳ የጥጥ ካናቴራ ብቻ የሚለብሱ ብዙ ናቸው፤ ትክክል ነው ያደረጉት።

ስለ ሲሊኮን ጡት ሳወራ አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች፤ ሩት ሃንድለር። የባርቢ አሻንጉሊት ፈጣሪ ናት። በ1970 ጡቷ ተነሣ፤ ገበያ ላይ ያገኘችው ሰው ሠራሽ ጡት ቅርጽ የሌለው ሆነባት፣ ተናደደች፣ ራሷ ልታሠራ ተነሣች። በ1976 ባቋቋመችው ድርጅት በጡት ማስያዣ ልክ የተዘጋጁ ጡቶች ትሸጥ ጀመር፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጄራልድ ፎርድ ባለቤት ቤቲ ፎርድም ከደንበኞቿ አንዷ ነበሩ። ንዴት እንዲህ ሥራ ላይ ሲውል ደስ ይለኛል።

የሲሊኮኑ ክብደት መጀመሪያ ያስደነግጣል። በእጅ ሲይዙት ከባድ ነው፤ በትክክለኛ ጡት ማስያዣ ውስጥ ሲገባ ግን ክብደቱ ይጠፋል። ክብደቱ የተጨመረበት ለሌላው ጡት ሚዛን እንዲሆን ነው፤ ያለ እሱ ጡት ማስያዣው ወደ ላይ እየሸሸ ይጠማዘዛል። ለሞቃት አገርና ለትልቅ ጡት ቀለል ተደርገው የተሠሩም አሉ። እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር፤ ሲሊኮኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጡት ማስያዣው ካልሆነ ምንም አይደለም።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጯ በሸሚዜ ላይ ሜትር ጠመጠመችብኝ። ከሥር 79፣ ከላይ 88 አለች። ልዩነቱ 9 ስለሆነ፣ ለልጃገረድ የሚሆን ጠፍጣፋ ነገር አምጥታ ሰጠችኝ። ቀኝ ጡቴ ግማሹ ውጭ ቀረ። ሒሳቡ የተሳሳተው ሜትሩ በጠፍጣፋው ጎኔ ላይ ስላለፈ ነው። አንድ ጡት ያላት ሴት በሙሉ ዙሪያ አትለካም። ያለውን ጎን ብቻ ከደረት መሐል አጥንት እስከ አከርካሪ ይለኩና በሁለት ያባዛሉ። የእኔ 48 ነበር፤ ሁለት ጊዜ 96። ከ96 ላይ 79 ሲቀነስ 17 ይቀራል። በአውሮፓው አለካክ ልዩነቱ 13 ገደማ ሲሆን ካፑ (ጡቱ የሚያርፍበት የጡት ማስያዣው ጎድጓዳ ክፍል) ኤ፣ 15 ሲሆን ቢ፣ 17 ሲሆን ሲ፣ 19 ሲሆን ዲ ነው። 79 ወደ 80 ስለሚጠጋ የእኔ እንግዲህ 80 ሲ ሆነ፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረው ያው ልክ። ሻጯ ልጅ ናት፣ አልተቆጣኋትም። ሜትሩን ተቀብዬ እንዴት እንደሚለካ አሳየኋትና ሳልገዛ ወጣሁ።

ቁጥሩ ራሱ አገር ለአገር ይለያያል። በጀርመን 75 የሚባለው በፈረንሳይ 90፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ 34 ነው። ደግሞ የካፑ ፊደል ብቻውን ምንም አይናገርም፤ 75 ሲ እና 80 ቢ የሚይዙት መጠን አንድ ነው። ዙሪያው ጠቦ ካፑ ልክ ከሆነባችሁ ቁጥሩን አንድ ከፍ፣ ፊደሉን አንድ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ስትሞክሩ መጀመሪያ ዙሪያውን እዩ። ጡትን የሚሸከመው ማንገቻው ሳይሆን የደረት ዙሪያው ነው። ከኋላ ወደ ላይ ከወጣ ሰፍቶባችኋል። ሁለት ጣት ከሥሩ ሲገባ ይበቃል። አዲሱ በመጨረሻው፣ በሰፊው መንጠቆ ላይ ልክ መሆን አለበት፤ ላስቲኩ ሲለጠጥ ወደ ውስጥ መጥበቢያ ይቀራችኋል። መሐል ያለው ክፍል ደረት ላይ ለጥ ማለት አለበት። ማንገቻው ሰፊ ይሁን፤ ትከሻ ውስጥ የሚቀበር ቀጭን ማንገቻ በተለይ ከብብት ንፍፊት ለወጣላት ሴት አይመከርም፣ ክንድ ሊያብጥ በሚችልበት በኩል ጫና አይፈለግምና። ከዚያ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ጎንበስ በሉ፣ ተቀመጡ። ቆሞ ብቻ የሚሆን ጡት ማስያዣ ለፎቶግራፍ ነው። ሲሊኮኑን ይዛችሁ፣ ለጠበቅ ያለ ካናቴራ ለብሳችሁ ሂዱ፤ ሚዛኑ የሚታየው በካናቴራው ላይ ነው።

ሲሊኮኑን የሚይዝ ኪስ ያለው ጡት ማስያዣ ካጣችሁ የምትወዱትን ያለ ሽቦ ጡት ማስያዣ ወስዳችሁ ኪስ ስፉበት። ከለስላሳና ከሚለጠጥ የጥጥ ጨርቅ የካፑን ቅርጽ በትንሹ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ። የላይኛውን፣ የመሐሉንና የታችኛውን ጠርዝ ከካፑ ጠርዝ ጋር ብቻ በእጅ አያይዙት፤ መርፌው ካፑን ራሱን እንዳያልፍ፣ ካለፈ ልጥጠቱ ይሞታል። የብብቱን ጎን ክፍት ተዉት፤ ሲሊኮኑ የሚገባው በዚያ ነው። ክሩን አታጥብቁት። ቋጠሮው ወደ ቆዳ ሳይሆን ወደ ካፑ ይዙር። ሲሊኮኑ ከገባ በኋላ ስትጎነበሱ ካልተንሸራተተ ተሳክቶላችኋል።

ዕጢው ብቻ የወጣላቸውና ጡታቸው ትንሽ የጎደለ ሴቶች ሙሉ ሲሊኮን አያስፈልጋቸውም፤ ጎዶሎውን የምትሞላ ስስ ቁራጭ አለች። ልኩን የሚወስዱት በትልቁ ጡት ነው፤ ትንሹ ይሞላል እንጂ ትልቁ አይጨመቅም። ምንም ሳያስገቡ፣ አንዱን ወይም ሁለቱንም ጎን እንዳለ ለጥ አድርገው የሚኖሩም አሉ። ለእነሱ ልብስ ስሰፋ ፊት ለፊት እጥፋት ወይም ኪስ ጣል አደርጋለሁ፤ ካልፈለጉም ምንም አልጨምርም። «እንዴት አትሸፍነውም?» የሚል ሰው ልብስ መስፊያ ቤቴ ውስጥ መልስ ያገኛል፤ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ሲሊኮኑን ማታ ማታ በለብታ ውኃና በቀላል ሳሙና እጠቡ፤ ከዋና በኋላ ደግሞ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። አድርቃችሁ ቅርጹን ወደሚጠብቀው ሣጥኑ መልሱት። ከመርፌ ቁልፍና ከድመት ጥፍር አርቁት። ጡት ማስያዣውን በእጅ እጠቡ፣ አትጠምዝዙት፣ ሙቀት አታሳዩት። ክብደታችሁ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ እንደገና ተለኩ፤ ያለው ጡት ይለወጣል፣ ሲሊኮኑ ግን አይለወጥም። ላስቲኩ የሞተ ጡት ማስያዣ ደግሞ የቱንም ያህል ብትወዱት ይጣል፤ አቧራ ለመወልወል እንኳ አይሆንም፣ መንጠቆው ዕቃ ይጭራል።